ቤቱን ልሸጥ ነው፤ ሴራሚክ ላስነጥፍ ወይስ እንዳለ ልተወው?

«ሰላም ላንቺ ይሁን ልጄ። የምጽፍልሽ ከባሕር ዳር፣ ከአባይ ማዶ ነው። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ልጆቼ ሦስት ናቸው። ሴቷ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጎንደር፣ ትንሹ ውጭ አገር ነው ያሉት። እኔ ከሁለት ተከራይ ጋር በዚህ ሰፊ ግቢ ቀርቻለሁ። ልጄ ‹ነይ አጠገቤ ኑሪ› እያለች አላስቀምጥ ብትለኝ፣ ቤቱን ሸጬ እሷ ሰፈር ትንሽ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ቆረጥኩ። ቤቱ በ1989 የተሠራ ብሎኬት ነው። ቦታው 250 ካሬ፣ አራት ክፍልና ሁለት ሰርቪስ አለው። አንድ የሰፈር ደላላ ‹ሴራሚክ አስነጥፊ፣ ኮርኒሱን ጂፕሰም አድርጊ፣ ኪችን ካቢኔት አስገቢ፤ ዋጋውን ለእኔ ተዪው› ይለኛል። የጎንደሩ ልጄ ደግሞ ‹አንድ ብር እንዳታወጪ፣ እንዳለ ሽጪው› ይላል። በእጄ ያለው 300 ሺህ ብር ነው። ጓሮ ያለው ማንጎ ደግሞ ቅጠሉ አሸንዳውን እየሞላ አስቸግሮኛል፤ ልቁረጠው? ካርታው በባለቤቴ ስም ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እናት፣ ከአባይ ማዶ

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሴራሚኩና ስለ ኮርኒሱ በሰፊው ጽፈው፣ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን «ካርታው በባለቤቴ ስም ነው» አሉኝ። እኔ ግን የምጀምረው ከዚያ ነው። የቤትዎ ዋጋ ያለው እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነውና።

ቤት የሚገዛ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ዓረብ አገር ሠርቶ የላከውን፣ አንዳንዱ ከባንክ የተበደረውን፣ አንዳንዱ የገጠር ሀብቱን ሸጦ። እንዲህ ያለ ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው ነገ ሌላ ወራሽ መጥቶ በሩን እንዳያንኳኳበት ነው። ካርታው በሟች ስም ከሆነ ሁለት ነገር ይከሰታል። ጠንቃቃው ገዢ ቤቱን ወዶት እንኳ ትቶት ይሄዳል። ደፋሩ ደግሞ «ወረቀቱን እኔ አስጨርሳለሁ» ብሎ ዋጋውን ክፉኛ ይሰብራል። ያ የሚሰበረው ብር ምንም ሴራሚክ ቢነጠፍ አይመለስም።

ስለዚህ ቀለም ቀቢ ከመጥራትዎ በፊት ልጆችዎን ይጥሩ። ቤቱን ከባለቤትዎ ጋር በትዳር ሳላችሁ ያፈራችሁት ከሆነ ግማሹ የራስዎ ነው። የእሳቸው ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች ይተላለፋል። ብዙ እናቶች «ባሌ ሲሞት ሁሉም የእኔ ሆነ» ብለው ያስባሉ። በሕጋችን እንደዚያ አይደለም። ሦስቱም ልጆች ባለድርሻ ናቸው፤ አንዱ ሳይፈርም ሽያጩ አይጸናም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ፤ ከዚያ ስሙን ያዛውሩ። ጊዜ ይወስዳል። ለዚህም ነው ዛሬውኑ ይጀመር የምለው።

ውጭ ያለው ልጅዎ መምጣት ካልቻለ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ይላክ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። «በማናቸውም ጉዳዬ ወክያለሁ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያገለግልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ይህን ቤት እንዲሸጥ፣ ዋጋውን እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» ተብሎ ቁልጭ ብሎ ይጻፍበት። ስንት ሰው ገዢ አግኝቶ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ ውክልናው ‹መሸጥ› የሚል ቃል ስለሌለው ብቻ ወር ሙሉ እንደጠበቀ አውቃለሁ። ገዢ ደግሞ ወር አይጠብቅም።

የጎንደሩ ልጅዎንና የአዲስ አበባዋንም አሁኑኑ፣ ገንዘቡ ሳይመጣ፣ አንድ ላይ ያነጋግሩ። ስንት ቢሸጥ ይስማማሉ? ለማን ስንት ይደርሳል? ለእርስዎ ኮንዶሚኒየም ስንት ይቀራል? በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። ይህን የምለው ልጆችዎን ጠርጥሬ አይደለም። ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የወንድማማች ድምፅ ሲቀየር ስላየሁ ነው።

ፋይሉን ሲያገላብጡ ሌሎች ነገሮችንም ይመልከቱ። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በጊዜ ገደብ የተከራየ)? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ አለ? የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኞች አሉ? በባንክ የተያዘ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ የለበትም? ሁለቱ ሰርቪሶች ፕላኑ ላይ ይታያሉ ወይስ በኋላ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው? አጥሩስ ካርታው ላይ ካለው ወሰን ጋር ይገጥማል? እኛ ከተማ አጥር ቀስ በቀስ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ቦዩ የሚገፋበት ግቢ ብዙ ነው። ገዢ ሜትር ይዞ ይመጣል። 250 ካሬ ብለው 238 ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ሁሉ ይጠራጠራል። ቀድመው ራስዎ ያስለኩት።

የካርታውን ዋና ቅጂ ግን ለማንም አይስጡ። ለደላላም፣ ለገዢም፣ «ፎቶ ላንሳው» ለሚልም። ፎቶ ኮፒ አስነስተው ላዩ ላይ «ለማሳያ ብቻ» ብለው በደማቅ እስክሪብቶ ይጻፉበት። ዋናው ልጅዎ ዘንድ ወይም ባንክ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ቤቱ።

ሴራሚኩን ይተዉት። ጂፕሰሙንም፣ ካቢኔቱንም። ምክንያቴን ልንገርዎ። በ1989 የተሠራ ብሎኬት ቤት አባይ ማዶ ላይ ለመግዛት የሚመጣው ሰው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ቦታውን ፈልጎ ነው፤ አፍርሶ ጂ ፕላስ ፎቅ ሊሠራ ያስባል። ለእሱ የእርስዎ ሴራሚክ ፍርስራሽ ነው። የሚያየው የቦታውን ስፋት፣ የመንገዱን ስፋት፣ ማዕዘን መሆን አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው ቤተሰቡን ይዞ ሊገባ ነው። እሱ ደግሞ ሴራሚኩን ሚስቱ እንድትመርጥ ይፈልጋል። እርስዎ ቡኒ ቢያስነጥፉ እሷ ግራጫ ትወዳለች። ለማንም ሳይሆን 300 ሺህዎ ያልቃል። ለነገሩ በዛሬ የዕቃ ዋጋ 300 ሺህ ግማሹን ሥራ እንኳ ላይጨርስ ይችላል። ግማሹ ተነጥፎ ግማሹ የቆመ ቤት ደግሞ ካልተነካው ቤት ይከፋል።

የጎንደሩ ልጅዎም ግን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። «አንድ ብር እንዳታወጪ» የሚለውን አልቀበለውም። ገዢን የሚያስፈራ ነገር ካለ እሱ ላይ ብር ይውጣ። በእኛ ከተማ ገዢን የሚያስፈራው በመጀመሪያ እርጥበት ነው።

ባሕር ዳር ክረምቱ ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ሰማዩ አይዘጋም። ብዙው ሰፈር ዋልካ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። የድሮ ቤት ግድግዳ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካወጣ፣ ቀለሙ ከተላጠ፣ ክፍሉ የታፈነ ሽታ ካለው፣ ገዢው በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ወስኖ ይወጣል።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። የወላጆቼን ቤት ስንሸጥ ገዢ ሊመጣ ነው ተብሎ ሐምሌ ላይ ተቻኩለን ቀለም አስቀባን። ቀቢው «ደርቋል» አለን። ለሦስት ሳምንት ቤቱ ሙሽራ መሰለ። መስከረም ላይ ገዢው ሲመጣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ተነፋፍቶ ጠበቀው። ሰውዬው ምንም አልተናገረም። በጣቱ ነካ አደረገው፤ ቅርፊቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ቤቱ ያልነውን ሁሉ እንደ ሽፋን ነበር የሚሰማው። በመጨረሻ የሸጥንበት ዋጋ እስካሁን ያንገበግበኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእኛ ላይ ደርሷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። አሸንዳው ተደፍኖ ነው? ቆርቆሮው ምስማሩ ጋ ተበስቶ ነው? የግቢው ውኃ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ግድግዳው ነው የሚመጣው? ብዙ ጊዜ መልሱ አሸንዳና ቦይ ነው፤ ሁለቱም በጥቂት ብር ይስተካከላሉ። አሸንዳውን ያስጠርጉ፣ የተበሳውን ቆርቆሮ ያስቀይሩ፣ በቤቱ ዙሪያ ውኃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ያስተካክሉ። ቀጥሎ የበሰበሰውን ልስን ያስፍቁና ግድግዳው እንዲተነፍስ ይተዉት። ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምትን ፀሐይ ይምታው። ከዚያ በኋላ ነው ልስንና ስቱኮ የሚመጣው። ቀለሙ መጨረሻ። አንድ ዓይነት ቀለም፣ ነጭ ወይም ክሬም፣ ሁሉም ክፍል ላይ። ሮዝ መኝታ ቤትና አረንጓዴ ሳሎን ለእርስዎ ትዝታ ነው፤ ለገዢው ግን ተጨማሪ ወጪ ነው።

ስንጥቅ ካለ ግን በስቱኮ አይሸፍኑት። አንድ የታመነ መሐንዲስ ወይም የቆየ ግንበኛ አምጥተው ያሳዩት። የልስን ስንጥቅ ከሆነ ይጠገናል፤ ያ ሰው ያለውንም ለገዢው መናገር ይችላሉ። የመሠረት ከሆነ ደግሞ ይናገሩት፤ ዋጋው ውስጥ ይግባ። እያወቁ የደበቁት ጉድለት ከሽያጭ በኋላም በሕግ ያስጠይቃል። ከዚያም በላይ፣ በስተእርጅና ከሰው ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ለእርስዎ አይገባም።

ሁለተኛው ፍርሃት ውኃና መብራት ነው። ቧንቧው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ገዢ ሳይጠይቅ አይሄድም። ሮቶ ካለዎት ይጠብ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን። ገዢ ሲመጣ ቧንቧው ተከፍቶ ውኃ ይታይ። ቆጣሪው የራስዎ ነው ወይስ ከሌላ ጋር የተጋራ? ያልተከፈለ ቢል ይከፈል። አምፖል ያልበራበት ክፍል አይኑር። የመስኮት ወንፊትም አይርሱ። እኛ ሐይቁ ዳር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ሕፃን ልጅ ያለው ገዢ ቀጥታ መስኮቱን ነው የሚያየው። የተቀደደ ወንፊት ማስቀየር ከሴራሚክ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም፤ «እዚህ ቤት ወባ ተፈርቷል፣ ልጅ ታስቦለታል» ያሰኛል።

የውጭ በሩን ደግሞ በፀረ ዝገት ቀለም ያስቀቡት። ሰው ቤትዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እሱን አንኳኩቶ ሲጠብቅ ነው። ሣሩ ይታጨድ። ጓሮ የተቆለለው የተሰበረ አልጋ፣ ባዶ በርሜል፣ አሮጌ ጎማ ይውጣ። ማድ ቤቱን ጥላሸቱን ያስጠርጉ፤ ኖራ ቢጤ ይቀባ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከሞላ መምጠጫ መኪና ይጠሩ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከ300 ሺህ ውስጥ ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። ካልበቁ ቀለሙ ይቅር፤ ጣሪያውና ቦዩ ግን አይቅሩ። ከሁሉ በፊት ግን ለወራሽነቱና ለስም ዝውውሩ የሚወጣውን ለይተው ያስቀምጡ።

ተከራዮችዎን አስቀድመው ይንገሯቸው፣ በክብር። ከጎረቤት ከሰሙት ይከፋቸዋል፤ የከፋው ተከራይ ገዢ ሲመጣ ምን እንደሚል አይታወቅም። የኪራዩን መጠን በወረቀት ይያዙት። የሰርቪስ ኪራይ ለብዙ ገዢ የመጀመሪያው ስሌት ነው።

ዋጋውን እንዴት ይወቁ? «ስንት ይባላል» አይጠይቁ፤ «ስንት ተሸጠ» ይጠይቁ። ሰፈርዎ ውስጥ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የሸጠ ሰው አይጠፋም። በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት ይገኛል። ሦስት ሰው ይጠይቁና ካሬውን፣ መንገዱን፣ ይዞታውን ያወዳድሩ። ጎረቤት «አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ አባይ ማዶ ወርቅ ሆኗል» ይልዎ ይሆናል። ድልድዩ ግንቦት 2016 መከፈቱ ለሰፈራችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ በጠባቡ አሮጌ ድልድይ ብቻ የነበረውን መጨናነቅ የኖረበት ያውቀዋል። ያንን ጥቅም ለገዢ ሲናገሩ ይጥቀሱት። ነገር ግን ድልድይ ብቻውን ዋጋ አይጽፍም። መንገዱ የሚያስጨንቅ፣ ሰላሙ የሚያሳስብ ጊዜ ሲሆን ገዢው ይቀንሳል። ስለዚህ በጣም የተሰቀለ ዋጋ ጠርተው ስድስት ወር ከሚቆሙ፣ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ብለው ይጀምሩ። ብዙ ወር የቆመ ቤት «ምን አለበት?» ያሰኛል።

ደላላዎ «ዋጋውን ለእኔ ተዪው» ያለውን እንዳይሰሙት። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ የመጣው የእኔ ነው ማለት ነው። እርስዎ አንድ ዋጋ ይሰማሉ፣ ገዢው ሌላ ይከፍላል፣ መካከሉ ይጠፋል። ኮሚሽኑን በመቶኛ ይስማሙ፣ በወረቀት ይፈርሙ፤ ክፍያውም ስም ሲዛወር ይሁን። ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ ምንም አይፈርሙ። ደግ ደላላ አለ፤ ይህን ሁሉ ሲሉት አይቀየምም።

ቀብድ ስለመቀበል አንድ ሕግ ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ልጆችዎ ሁሉ ሳይስማሙ፣ ወረቀቱ ሳያልቅ፣ «ትንሽ ቀብድ ያዢ» ቢባሉ እንዳይይዙ። ነገ ትንሹ ልጅዎ «አልፈርምም» ቢል፣ እጥፉን የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ውሉ በጽሑፍ፣ ውልና ማስረጃ ፊት ይሁን። በቃልና በመጨባበጥ የቤት ሽያጭ አይጸናም። ገዢው «ለቴምብር ቀረጡ ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካለ፣ እምቢ ይበሉ። ነገሩ ቢበላሽ በሕግ የሚታወቀው ውሉ ላይ የተጻፈው ብር ብቻ ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪውን፣ የቴምብር ቀረጡን ጨምሮ፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ። ከሽያጭ ትርፍ ላይ ግብር ሊኖር ስለሚችል፣ በተለይ ሰርቪሶቹን ስላከራዩ፣ ከመፈረምዎ በፊት ገቢዎች ሄደው ይጠይቁ። ብሩ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በባንክ ዝውውር ይምጣ። ቁልፉ ቀሪው ሒሳብ ከገባ በኋላ ይሰጥ።

ገዢ በሚመጣበት ቀን ብቻዎን አይሁኑ። ከዕድርዎ አንድ ሰው ወይም ልጅዎ አብሮዎት ይኑር። ሰዓቱን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ ፀሐይዋ ገና አልከበደችም፣ ግቢው ብሩህ ነው። መስኮቶቹን ቀድመው ይክፈቱ። ዕጣን አያጭሱ፤ ሰው «ምን ሊሸፍኑ ነው?» ይላል። ቡና ካፈሉ ግን ደስ ይላል፤ ባይገዛም ቁጭ ብሎ ይጠጣ።

ጊዜውን እንዲህ ላስብልዎ። የወራሽነቱን ማመልከቻ አሁን ያስገቡ። ጣሪያና ቦይ ከክረምቱ በፊት ይጠገን። ግድግዳው ጥቅምት ላይ ይድረቅ፣ ኅዳር ይቀባ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ለሽያጭ ይውጣ። ለገናና ለጥምቀት ከውጭም ከአዲስ አበባም ሰው ወደ ከተማችን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወረቀትዎም ቤትዎም ተዘጋጅተው ይጠብቁ። የትንሹ ልጅዎ ውክልናም እስከዚያ ይደርሳል።

ማንጎውን አይቁረጡት። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ብቻ ያስከርክሙ፣ አሸንዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ያስደርጉ። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣው ገዢ ልጆቹን ከዛፉ ሥር ሲያያቸው እኔ ከነገርኩዎ ነገር ሁሉ በላይ ቶሎ ይወስናል። ከዚህ ዓመት ፍሬ ዘሩን ጣሳ ውስጥ ተክለው ለልጅዎ ሰፈር ይያዙለት። ኮንዶሚኒየም ቢሆንም በረንዳ አይጠፋም።

የወራሽነት ማስረጃው ሲወጣ ይጻፉልኝ። የውሉን ረቂቅም ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት፤ ለእኔም መላክ ከፈለጉ በደስታ አነበዋለሁ።